«ታንኳ» የምትባል ጀልባ

የጋሼ አርባ የወጣ ቀን ባለቤታቸው ወደ ጓዳ ጠሩኝና አንድ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጥቁር፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ፑሌጃ፣ የሸራ ጀልባ ገመድ የሚሮጥባት መንኮራኩር ናት። ጠርዟ ተፋፍቋል። በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርጋት ድምፅ ሳታሰማ ዞረች። እንደገና ገፋኋት። አሁንም ዞረች። «ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው ያገኘኋት፤ አንተ ያዛት» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም መናገር አልቻልንም።

ጋሼ የምላቸው ሰው ሲያትል ውስጥ አርባ ዓመት የኖሩ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ በሕይወት እያሉም ስማቸው ሲነሳ የሚጨንቃቸው ሰው ነበሩ። እኔ እዚህ ከተማ ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ወገን ቀብሬያለሁ። ከቀብር መልስ ስለ ሟቹ የምናወራው ነገር ይመሳሰላል። ስንት ሰዓት ይሠራ እንደነበር፣ ቤቱን መቼ ከፍሎ እንደጨረሰ፣ አገር ቤት ስንት ሰው ያስተምር እንደነበር። ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። የጋሼ ለቅሶ ላይ ግን ሰው ያወራው ስለ ንፋስ ነው። አንዱ «እኔን ያሳፈሩኝ ቀን» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው ይቀጥላል። ሐዘንተኛው እያለቀሰ ይስቃል። ያን ቀን ነው ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት።

ጋሼ የዘጌ ልጅ ናቸው፤ ጣና ዳር ነው ያደጉት። ዘጌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቡናው፣ ጫካው፣ ገዳማቱ። ያን ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚኬደው በታንኳ ነበር። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል። ደንገሉ ሲደርቅ እንደ ላባ ቀላል ነው። ውሃ ላይ ሲውል ግን ቀስ እያለ ውሃ ይጠጣል፤ ይከብዳል። ስለዚህ ቀዛፊው ከውሃ በወጣ ቁጥር ታንኳውን ዳር ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ከዚያ ሌላ ይታሰራል። ጋሼ ይህን ሲያወሩ እጃቸው አብሮ ያስር ነበር። ጣቶቻቸው ደንገሉን ሲያጠብቁ ይታያችኋል።

አምስት ኪሎ ምሕንድስና ገቡ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዘመቻ መጣ። ከዘመቻው መልስ የነበረውን ጊዜ የእኔ ታላላቆች ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ ጋሼም ብዙ አይናገሩበትም ነበር። በመተማ አድርገው ሱዳን ገቡ። ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ከዚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በስደተኛነት ሲያትል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያ ሥራቸው መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ገንዘብ መቀበል ነበር። በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሦስት ክረምት የካልኩለስ መጽሐፍ አነበቡ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንደገና ጀመሩ። አገር ቤት የተማሩትን አንድም ክሬዲት የተቀበላቸው አልነበረም። አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቷቸው ገና ሲያያቸው «የጽዳት ሥራው ማመልከቻ በዚያ በኩል ነው» እንዳላቸው ነግረውኛል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። «ለጽዳቱ አይደለም የመጣሁት አልኩትና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ» አሉ። ሥራውን አላገኙትም። የሚቀጥለውን አገኙ።

እኔም ጋሼን ያገኘኋቸው እንዲያ ባለ ሳጥን ውስጥ ሆኜ ነው፤ ኤርፖርት አጠገብ። እኔ ገንዘብ ተቀባይ፣ እሳቸው መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡ ደንበኛ። ትኬቱን ሲሰጡኝ መልኬን አይተው በአማርኛ «ምን ተምረሃል?» አሉኝ። ደህና ዋልክ የለ፣ ከየት ነህ የለ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ አልኳቸው። «ስንት ጊዜህ ነው እዚህ?» ሁለት ዓመት አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። በሳምንቱ በፌስታል መጽሐፍ ይዘው መጡ። የመጀመሪያ ደረጃ የመሐንዲሶች ፈተና መዘጋጃ ነበር። በእርሳስ የተጻፈበት፣ የቡና ጠብታ ያለበት። «ሌሊት ስንት መኪና ይወጣል? በሁለት መኪና መሃል አንድ ጥያቄ ትሠራለህ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሙያ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ አሁንም ኡበር ላይ ወይ መጋዘን ውስጥ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሥራ ክቡር ነው። ግን «እንግሊዝኛዬ ይስተካከል»፣ «ልጆቹ ይደጉ»፣ «ቤቱ ይገዛ» እያላችሁ ያቆያችሁት ዲግሪ እንደ ታንኳው ነው፤ ሳይደርቅ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። አሜሪካ ላላችሁ መሐንዲሶች፤ ያገር ቤት ዲግሪ የሚመዘንበት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ፈተና ዛሬ በኮምፒዩተር ነው፣ 110 ጥያቄ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል። ከዚያ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር የተወሰኑ ዓመታት ትሠራላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው፣ እንደየስቴቱ ይለያያል። ከዚያ ሁለተኛው ፈተና ነው። ረጅም ነው። እኔ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። እነዚያ ሰባት ዓመታት ግን ብማርም ባልማርም ማለፋቸው አይቀርም ነበር።

ጋሼ የሠሩት ድልድይ ላይ ነው። ሲያትልን ያላየ ሰው ላያምነኝ ይችላል፤ የእኛ ትልልቅ ድልድዮች ከኮንክሪት ተሠርተው ይንሳፈፋሉ። ዋሽንግተን ሐይቅ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ወለሉም ለስላሳ ጭቃ ነው። እዚያ ላይ ምሰሶ ማቆም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች ውሃው ላይ ይደረደሩና በብረት ገመድ ከሐይቁ ወለል ጋር ይታሰራሉ። መንገዱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። በ2016 የተከፈተው ድልድይ 2,350 ሜትር ይረዝማል፤ 77 ሣጥኖች አሉት። በዓለም ረጅሙ ተንሳፋፊ ድልድይ ነው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእንዲህ ያሉ ሣጥኖችን ስሌት ከሚያጣሩት ብዙ መሐንዲሶች አንዱ ነበሩ። ኮንክሪት እንዴት ይንሳፈፋል ብዬ ስጠይቃቸው «ባዶ ስለሆነ ነው። ባዶነቱን ጠብቅለት» ብለው ነው የመለሱልኝ።

በ1990 በኅዳር ወር፣ የምስጋና በዓል ሰሞን እሑድ ቀን፣ ሐይቁ ላይ ከነበሩት ድልድዮች አሮጌው ሰመጠ። ጋሼ ገና ጀማሪ መሐንዲስ ነበሩ። ዝናብ ላይ ቆመው አይተዋል። ድልድዩ ጥገና ላይ ስለነበር መኪና አልነበረበትም፤ ሰው አልሞተም። ያሰመጠውም ተአምር አልነበረም። በጥገናው ጊዜ ሣጥኖቹ ላይ የተከፈቱ ቀዳዳዎች ነበሩ። ዝናብና ማዕበል ለቀናት ሲወርድ ውሃ ገባ። አንዱ ሣጥን ሲወርድ ጎረቤቱን ጎተተ።

ከዚያ ጀምሮ ጋሼ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አንድ ሳምንት ይወስዳሉ። «ቀዳዳ ፍለጋ» ይሉታል። ሐኪም ጋ ይሄዳሉ። የቤቱን የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪ ይቀይራሉ። ኢንሹራንሱ ላይ፣ የጡረታ ሒሳቡ ላይ ወራሽ ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ ያያሉ። ኑዛዜያቸውን ያነባሉ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሽማግሌ ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ያየሁትን አየሁ። አንድ ጓደኛዬ ሞቶ፣ የጡረታ ገንዘቡ ወራሽ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የፈታት ሴት ሆና ተገኘች። ሦስት ልጅ ያሳደገችለት ሚስቱ ጠበቃ ስታፈላልግ ከረመች። ሌላው ደም ሲያይ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ «ከሥራ ልቀር አልችልም» ሲል ቆይቶ ነው የሄደው። እባካችሁ፣ ኅዳርም ይሁን ጥቅምት፣ አንድ ሳምንት ምረጡ። ወራሻችሁ ማን ተብሎ እንደተጻፈ ዛሬ ማታ ገብታችሁ እዩ።

ጀልባዋ የመጣችው ዘግይታ ነው፤ ጋሼ አርባ አምስት ካለፉ በኋላ። ሌክ ዩኒየን የሚባለው ሐይቅ መሃል ከተማው ውስጥ ነው። በደቡብ ጫፉ የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል አለ፤ እሑድ እሑድ ሰውን በነፃ በሸራ ጀልባ ያዞራሉ። ጋሼ ልጃቸውን ይዘው እዚያ ሄዱ፤ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሲመለሱ ሚስታቸው የሆነ ነገር እንደሆኑ ወዲያው አወቁ። «ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነው የመጣው» ይላሉ እስከዛሬ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ። በዓመቱ በትርፍ ጊዜያቸው እዚያ ጀልባ መቀባት፣ እንጨት መላግ ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት ካታሊና 27 የምትባል አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዙ፤ ስምንት ሜትር ከምናምን ናት። ዋጋዋ የአሮጌ ቶዮታ ያህል ነበር። ውድ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የማቆሚያው ኪራይ አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ ሆዷን ማስቀባቱ አለ። ይህን የምለው አንዳንዱ ነገ ሄዶ እንዳይገዛና እንዳይቆጨው ነው። ነፃው እሑድ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ኋላዋ ላይ በነጭ ቀለም በራሳቸው እጅ «ታንኳ» ብለው ጻፉባት። በአማርኛ ብቻ። ሐይቁ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል። እሳቸው ሸራውን ላላ አድርገው ስለ ደንገል ያስረዳሉ። ስንት አሜሪካዊ ስለ ጣና የሰማው ከዚያች ጀልባ እንደሆነ እንጃ።

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ትዝ ይለኛል። ሐይቁን አቋርጦ የጋዝ ፋብሪካ የነበረበት መናፈሻ አለ። እዚያ እንሂድ አልኳቸው። ንፋሱ ከዚያ በኩል ነበር የሚመጣው። «እሺ» አሉና ጀልባዋን ወደ ሌላ አዞሯት። ወደ ግራ ሄድን። መናፈሻው በቀኝ ቀረ። ግራ ገባኝ። ከዚያ «ራስህን ጠብቅ» አሉ። ሸራው በአናቴ ላይ ጠራርጎ አለፈ፤ ጀልባዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ገመዱ በፑሌጃዎቹ ውስጥ ሲሮጥ ይሰማል። አሁን መናፈሻው በግራ ሆነ። እንደገና ዞርን። የሸራ ጀልባ ወደ ንፋሱ አፍ ቀጥ ብላ መሄድ አትችልም። ከንፋሱ አርባ አምስት ዲግሪ ገደማ እየሸሸች፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየተመላለሰች ነው የምትደርሰው። በአምስተኛው መዞር መናፈሻው ፊታችን ቁጭ አለ። ልጆች ኮረብታው ላይ በክር የታሰረ ወረቀት ያበርራሉ። ጋሼ ቴርሞሱን ከፍተው ሻይ ቀዱልኝ፤ ቅርንፉድ ያለበት። ምንም አላሉም። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ፖለቲካ ያልሰማሁበት፣ ስልኬን ያላየሁበት የመጀመሪያ እሑዴ ነበር።

ፑሌጃዋን ያን ዕለት ነው ያሳዩኝ። «ይህችን የሠራት እንደኔና እንዳንተ ስደተኛ መሐንዲስ ነው» አሉኝ። ሰውየው ኦላፍ ሃርከን ይባላል። በ1939 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተወለደ ነው፤ አባቱ ሆላንዳዊ፣ እናቱ ስዊድናዊት። ጃፓኖች ሲመጡ እናትየው ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ሸሸች። አባትየው ተማርኮ ታሰረ። በኋላ ተገናኝተው አሜሪካ ገቡ። ኦላፍ ጆርጂያ ቴክ ምሕንድስና ተማረ፤ ኒው ዮርክ ተቀጥሮ ሠራ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ወደ ፒተር ዊስኮንሰን ሄደ። ፒዋኪ በምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ሁለቱ ወንድማማቾች ጀልባና የጀልባ ዕቃ መሥራት ጀመሩ። ታላቁ ነገራቸው ቀላል ነበር፤ ፑሌጃዋ ቀልላ እንድትዞር የሚያደርገውን ኩሽኔታ ከብረት ወደ ፕላስቲክ ኳስ መለወጥ። ብረት ይከብዳል፣ ይዝጋል። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ውሃም አይጎዳውም። ዛሬ ዓለም ላይ ያሉ የውድድር ጀልባዎች ላይ ስማቸው አለ።

ኦላፍ በ2019 ሲሞት ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። ያገር ልጅ የሞተባቸው ያህል ነበር ድምፃቸው። አግኝተውት አያውቁም። ግን ሃያ ዓመት በየሳምንቱ የሠራውን ነገር በእጃቸው ይዘዋል። «መሐንዲስ እንዲህ ነው የሚተዋወቀው» አሉኝ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸው ነው። እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን ሻንጣ ላይ ተቀምጠን ነው የምንኖረው። ሥራ፣ ቤት፣ ገንዘብ መላክ፣ ዩቲዩብ ላይ ያገር ቤት ወሬ፣ ሥራ። ደስታችንን ለመመለሻችን ቀን አስቀምጠነዋል። «አገሬ ገብቼ» እንላለን። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት። ጋሼም ዘጌን አልረሱም፤ ማንም ከእሳቸው በላይ አልናፈቀም። ግን የጣናን ናፍቆት ይዘው ሌላ ውሃ ላይ ወጡ። ስለዚህ የኖሩበት ከተማ አወቃቸው፣ እሳቸውም አወቁት። የትኛው ንፋስ በየትኛው ወር እንደሚነፍስ፣ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ መቼ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። እናንተም ከልጅነታችሁ የምትወዱት አንድ ነገር ይኖራል። ፈረስ ሊሆን ይችላል፣ ንብ ሊሆን ይችላል፣ ሩጫ፣ ሽመና፣ በገና፣ የጓሮ ጎመን። ያላችሁበት አገር ፈልጉት። ከሥራ ቦታችሁና ከቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም ከመስጊዳችሁ ሌላ፣ ስማችሁን የሚያውቅ አንድ ቦታ ይኑራችሁ።

ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ላሉ እህቶቼ ይህን ስል አፌ ይያዛል። የሳምንት ዕረፍት ላልተሰጣት፣ ፓስፖርቷ ለተያዘባት ልጅ ባሕሩን ሂጂና እዪ ማለት ግፍ ነው። የእናንተ ምክር ሌላ ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ይጻፉት። ይህን የምለው ጊዜው እያለን ለማንጠቀምበት ለእኛ ነው።

ለእኔም ጭምር ነው። ጋሼ ለሃያ ዓመት ያህል ቅዳሜ ማታ ይደውሉ ነበር። «ነገ ንፋሱ ጥሩ ነው፤ ትመጣለህ?» እኔ ኦቨርታይም አለኝ እላለሁ፣ ክርስትና ተጠርቻለሁ እላለሁ፣ «የሚመጣው እሑድ» እላለሁ። ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ነው አብሬያቸው የወጣሁት። በሃያ ዓመት አሥራ አራት። ኦቨርታይሙ ምን ላይ እንደዋለ አንዱንም አላስታውስም። አሥራ አራቱን ቀን ግን ሁሉንም አስታውሳለሁ፤ የለበስኩትን ሹራብ ሳይቀር።

አንድ ነገር ላይ ጋሼ ቀልድ አያውቁም ነበር። ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ ጀልባዋ ላይ የሚረግጥ የለም። ጳጳስም ቢሆን። እናቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ፤ እሳቸው ይህን ተረት በቁጥር ያስረዱት ነበር። ሲያትል አጠገብ ያለው የባሕር ውሃ ክረምትም በጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ከአሥር ዲግሪ ብዙም ፈቅ አይልም። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳያስበው ይተነፍሳል፣ ውሃ ይስባል። «አንድ፣ አሥር፣ አንድ» ይሉ ነበር። አንድ ደቂቃ ትንፋሽህን ለመግዛት። አሥር ደቂቃ እጅና እግርህ ሳይደነዝዝ ራስህን ለማዳን። አንድ ሰዓት ገደማ ራስህን እስክትስት። ላይፍ ጃኬት ከሌለህ ግን የመጀመሪያዋን ደቂቃም ላታልፋት ትችላለህ። በዋሽንግተን ስቴት ከ19 ጫማ ባነሰች ጀልባ ላይ ዕድሜው 12 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጃኬት መልበስ በሕግ ግዴታው ነው። አዋቂው ለራሱ ይወቅ።

እኛ አብዛኞቻችን ከደጋ የመጣን ነን። ዋና አናውቅም። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት ሐይቅና ፑል ባለበት ከተማ ነው። በሐምሌ ሙቀት ከጓደኞቻቸው ጋር ይሄዳሉ፤ እነዚያ ይዋኛሉ፣ የእኛ ልጅ አላውቅም ማለት ያፍራል። የዚህን መጨረሻ ያየ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ አልጽፍም። ልጃችሁን ሒሳብ ትምህርት የምታስጨምሩ ወላጆች፣ ዋናውን አስቀድሙ። እናንተም ግቡ። እኔ በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው የተማርኩት፤ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ጥግ ላይ ቆሜ አፍንጫዬን ይዤ።

ጋሼ ያረፉት አልጋቸው ላይ ነው። ውሃ አልወሰዳቸውም። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ስምንት ወር ቆዩ፤ ያ የኅዳር ፍተሻ ባይኖር ስምንቱም ወር እንደማይኖር ሐኪሙ ነግሯቸው ነበር። ሲያርፉ ያው እንደምታውቁት ስብሰባ ሆነ። አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ የሚል አለ፣ እዚሁ ይረፍ የሚል አለ። ገንዘብ መዋጣት ተጀመረ። ልጃቸው የአባቷን ወረቀት ይዛ መጣች። በእጃቸው የተጻፈ ነው፣ ከላይ ቀን አለው። እዚሁ ቅበሩኝ ይላል። አስከሬን መላኪያ የሚዋጣ ገንዘብ ካለ፣ ለሐበሻ ልጆች ዋና መማሪያ ይሁን ይላል። ከአዛውንቶቹ አንዱ «እንዴት የዘጌ ልጅ ባዕድ አፈር ላይ!» ብለው ተቆጡ፤ ከልባቸው ነው የተቆጡት፣ አልፈርድባቸውም። ልጅቷ በለዘብታ «አባዬ ራሱ ነው የጻፈው፣ አባባ» አለች። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ያ ስብሰባ በእርቅ ያልቅ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። የምትፈልጉትን ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ገንዘቡ ለሃያ ሁለት ልጆች በቅቷል። ቅዳሜ ጠዋት ፑሉ ዳር ሄጄ አያቸዋለሁ። እናቶች ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጁ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ በከተተ ቁጥር ብድግ ይላሉ።

«ታንኳ»ን አልሸጧትም። ልጅቷ ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ልጆች አሏት። ባለፈው ግንቦት ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። «ነገ ንፋሱ ጥሩ ነው» አለችኝ። ኦቨርታይም ነበረኝ። ሄድኩ።

ከሌክ ዩኒየን ወደ ባሕሩ ለመውጣት ፍሪሞንት ድልድይ ሥር ማለፍ አለ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ፣ በ1917 የተሠራ፣ መሃሉ ተከፍሎ ወደ ላይ የሚነሳ ድልድይ ነው። የጀልባዋ ምሰሶ ከድልድዩ ይረዝማል። ስለዚህ ጥሩምባ ትነፋላችሁ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ድልድዩ ከሰማ በዚያው ዓይነት ይመልሳል። ጋሼ ይህን ቦታ ከሁሉ በላይ ይወዱት ነበር። ሁልጊዜ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ልጅቷ መሪውን ይዛ ጥሩምባውን ለትልቁ ልጇ ሰጠችው። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጃኬቱ አገጩ ድረስ መጥቶበታል። ነፋ። የመጀመሪያው ረዘመ፣ ሁለተኛው ሳል የመሰለ ሆነ። ጠበቅን። ከዚያ ከላይ ድልድዩ መለሰ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ደወሉ ተደወለ፣ መብራቱ ቀይ ሆነ፣ መኪናዎቹ በሁለቱም በኩል ቆሙ፣ መንገዱ ከመሃል ተሰንጥቆ ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ተነሳ።

«ለኛ ነው?» አለ ልጁ በአማርኛ።

«ለኛ ነው» አለችው እናቱ።

ኪሴ ውስጥ ያለችውን ፑሌጃ በአውራ ጣቴ እያዞርኩ፣ በሌላው እጄ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።